ጥላሸት

የዛሬው ረዘም ይላል። የቸኮለ ይለፈው፣ ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

ባለፈው ሳምንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ከኮሎራዶ በሜሴንጀር ጻፈልኝ። ደባርቅ ሰባተኛ ክፍል ሳስተምረው፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በመስታወት ስባሪ የፀሐይ ብርሃን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እያስሮጠ ያስቸግረኝ የነበረ ልጅ ነው። (ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል፣ የክፍል ጓደኞቹም ታውቁታላችሁ።) አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አደን መውጣት ጀምሯል። በጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ በደጋንና በቀስት ነው። ፎቶውን ላከልኝ። እንደ ዘመናዊዎቹ መዘውር ምናምን የሌለው፣ የጥንት ዓይነት የእንጨት ደጋን ነው። ያምራል። ግን ቫርኒሹ! ፎቶ ውስጥ ሆኖ እንኳ ዓይን ይወጋል።

«ቲቸር፣ ብርሃንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» ይላል መልእክቱ። «አምና አንድ አጋዘን ሃያ እርምጃ ድረስ መጥቶልኝ፣ ደጋኑን ቀና ሳደርግ ብልጭ ሲል አይቶ እብስ አለ። ይቺን ነገር እንዴት ላደብዝዛት?»

ያን ዕለት የመለስኩለት በአንድ መስመር ነው። ቫርኒሹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አደብዝዘው፣ እንጨቱን ግን እንዳትነካ አልኩት። ከዚያ ተኛሁ። ተኛሁ ስል ጋደም አልኩ እንጂ እንቅልፍስ የለም። የዚህን ጥያቄ መልስ የተማርኩት ከፊዚክስ መጽሐፍ አይደለማ! ደረስጌ፣ እናቴ ምጣድ ሥር ነው። በዚያ ትምህርት ደግሞ፣ ከአባቴ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ሥራ ሠርቼበታለሁ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። እንግዲህ ብናገረው የሚቀየመኝ የለም።

ደረስጌን ለማታውቁ፦ ከደባርቅ በፓርኩ መንገድ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፋችሁ፣ ቧሂትን ተሻግራችሁ ወደ ጃናሞራ ስትወርዱ ያለች አገር ናት። በታሪክ መጽሐፍ አንብባችኋታል። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን አሠርተው ሊነግሡባት ሲያስቡ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ። በቀናት ውስጥ ካሣ ለውቤ በተዘጋጀችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ።

እኛ ልጆች ሳለን ይህን ታሪክ የምንሰማው ከነጌጡ ነበር። በብር የተለበጠ ጋሻ፣ የአንበሳ ጎፈር፣ ከፀሐይ ጋር የሚፎካከር የጦር ጫፍ። ያገራችን ጦረኛ የሚወጣው ሊታይ ነው። ብልጭ ማለት ክብሩ ነው፤ ጠላት ከሩቅ ያየዋል፣ ጌታው ከሩቅ ያየዋል፣ አዝማሪውም ያየዋል። ተሸሽጎ ለሚዋጋ ማን ይዘፍንለታል? አዳኝ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ሁለቱንም ሥራ የምትሠራው አንዲት ምንሽር ነበረች።

ለጥምቀት አባቴ ብረቷን በአመድና በጨርቅ ይወለውላታል፣ ሰደፏን ቅቤ ያስነካታል። ታቦቱ ሲወጣ ትከሻው ላይ አጋድሟት ሲያቅራራ ከወንዝ ማዶ ትታያለች። የሚካኤል ማግስት ያቺው ምንሽር ወደ እኔ ትመጣለች። «በል እንግዲህ፣ አጥቁራት» ይለኛል።

ከምጣዱ ሥር ጥላሸቱን በማንኪያ እፍቃለሁ። እናቴ ቀጭን የገብስ አጥሚት ትሰጠኛለች፤ ጨው የለበትም፣ ብረት በጨው ይዝጋላ። ጥላሸቱን በአጥሚቱ ለውሼ በአሮጌ ጨርቅ እቀባለሁ። ሲደርቅ እደግመዋለሁ። በቅባት ብንለውሰው ይቀል ነበር። ግን ቅባት የነካው ጥቁር ራሱ ይወዛል፣ ይሸታልም። ሰምም እንደዚያው ነው፤ ልብስ ሲነካካው ማብራት ይጀምራል። አጥሚት ግን ሲደርቅ ድብዝዝ ብሎ ይቀራል። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ምንሽሯ ለሚቀጥለው በዓል ትደርሳለች።

ከዚያ የአባቴ ተራ ነው። ከአያቴ የቀረ ጥቁር ቡናማ ባና ነበረን፣ ቅዳጁን ካፈሙዟ ጀምሮ ይጠመጥምባታል። አጠማጠሙን ብታዩት ሰነፍ የሠራው ይመስላችኋል። እዚህ ጋ ወፈር፣ እዚያ ጋ ሳሳ፣ መሐል ላይ የጓሳ ሳር የተሰካበት። አውቆ ነው። «ተራራ ላይ ቀጥ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ገደሉም፣ አስታውም ቀጥ ያለ የላቸውም። ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ያየ አውሬ፣ ባያበራም ይጠረጥረዋል።

ነጭ ጋቢ ከቤት አይወጣም። ደበሎ ነው የሚለበሰው፣ ጠጉሩ ወደ ውጭ። ስሜን ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ከማዶ ተራራ እየተቆጠረ እንደሚታይ ያገሬ ልጆች ታውቃላችሁ።

የመጨረሻው ፈተና ጠዋት ነበር። ፀሐይ ወጣ ስትል አባቴ እኔን ሃምሳ እርምጃ አርቆ ያቆመኝና ምንሽሯን እያገላበጠ «ጠራችህ?» ይለኛል። የሆነ ቦታ ብልጭ ካለች «ጠራችኝ» እላለሁ። ይቀባታል። «ጠራችህ?» «አልጠራችኝም።» «ደግመህ እያት።» ሁለቴ ሳልጠራ ካልቀረሁ በስተቀር አንንቀሳቀስም።

ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቶ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ነው። ተማሪዎቼ ታስታውሱ ይሆናል፤ ለስላሳ ወለል የመጣበትን ብርሃን ሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፣ ሻካራ ወለል ግን ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። ብረት ስንወለውል ብርሃን እየጨመርን አይደለም፤ የተበተነውን እየሰበሰብን ነው። የተወለወለ ብረት ከወደቀበት ብርሃን ከግማሽ በላዩን መልሶ ይልካል። ጥላሸት ከመቶው 95 ያህሉን ውጦ ያስቀራል። እናቴ በየቀኑ እየጠረገች የምትጥለው ነገር ይህን ያህል ጎበዝ ነው! ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ሳስተምር ምጣድ ይዤ የምመጣው ለምን እንደሆነ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ፤ መልሱ ይኸው።

አሁን ስለ ዋልያ። ብሔራዊ ቡድናችንን በስሙ ስለምንጠራ የምናውቀው ይመስለናል። በዱር የሚኖረው ስሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ አገር የለውም። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ቆልመም ብሎ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ጦሱም እሱው ነው፣ ዋንጫ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀሩት 150 ገደማ ብቻ ናቸው ተብሎ ተገምቶ ነበር። ያኔ ነው ፓርኩ የታሰበው። የዌልስ ተወላጁ ክላይቭ ኒኮል የመጀመሪያው ዋርደን ሆኖ መጥቶ እንደ አባቴ ካሉ ሰዎች ጋር ሁለት ዓመት ሲታገል ቆየ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ደረስጌ ያለ ገበሬ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተከልክሏል። እኔ ልጅ ሳለሁ ደግሞ የደርግ መጨረሻ ነው፤ በተራራው ላይ ጦርነት ነበር፣ ጠባቂዎቹ ለቀው ሄደዋል፣ ክልከላው ስሙ ብቻ ቀርቷል። አባቴን ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። ማደን ክልክል እንደሆነ ያውቃል። ግብርና መዋጮ እንዳለበትም ያውቃል። ዘንድሮ እህሉን ውርጭ እንደመታውም ያውቃል።

በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞኝ ወጣ። ጉም ገብቶ ነበር። ወንዱን ያየ መስሎት የተኮሰው እናቲቱን መታ። ስንደርስ ግልገሏ አጠገቧ ቆማለች። መስከረም ጥቅምት የተወለደች፣ ገና አራት ወር ያልሞላት። አልሸሸችም። አባቴ ድንጋይ ወረወረባት፣ እልፍ ብላ ቆመች። ሥጋውን ስንሸከም ተከተለችን፤ ዳገቱ እስኪያልቅ የኮቴዋን ድምፅ ከኋላችን እሰማ ነበር። ከዚያ ቀረች። ምሽት እናቴ ሥጋውን ስትጠብስ ሽታው ደስ አለኝ፤ በላሁም። ይህን የምጽፈው ርኅሩኅ ልጅ ነበርኩ እንዳትሉኝ ነው። በልቻለሁ። ግን እንቅልፌ ውስጥ የሚሰማኝ ያ ኮቴ ነበር።

በዓመቱ፣ በ1980፣ ደግሞ ወጣን። ምንሽሯን ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሙሉ ቀን ተጉዘን ቧሂት ሥር አክስቴ ቤት አደርን። ነገ ሳይነጋ ስለምንወጣ የጠዋቱ ፈተና እንደማይኖር አውቃለሁ። አባቴ ተኝቷል። ምንሽሯ ግድግዳው ላይ ተደግፋለች። ጥይት የሚያጎርሱባት እጀታ አለቻት፣ ጫፏ ድቡልቡል፣ የለውዝ ፍሬ የምታክል። አውራ ጣቴን ምራቅ አስነካሁና ያቺን ድቡልቡል ጠረግኋት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በምድጃው ፍም ብርሃን ቀይ ነጥብ ሆና እስክትታየኝ።

ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ግልገሏ ናት እላለሁ። ግን ደግሞ የልጅ ነገር፣ «ይቺ ትንሽ ነገር ምን ታደርግ ይሆን?» የሚል ሙከራም ነበረበት መሰለኝ። የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሲነጋጋ አፋፉ ላይ ነን። ዋልያ ጠላት የሚጠብቀው ከታች ነው፣ ስለዚህ ከላይ ነው የሚመጡበት። ችግሩ ግን ነፋሱ ነው። ሌሊቱን ብርዱ ከተራራው ወደ ገደሉ ይወርዳል፣ ሽታህንም ይዞልህ ይወርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ገደሉን እስክታሞቀው መጠበቅ አለብህ፤ ሲሞቅ ነፋሱ ይዞርና ከታች ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። እንግዲህ አስቡት፦ ነፋሱን የምታዞርልህ ፀሐይ ናት፣ ብረትህን የምታጋልጥብህም እሷው ናት። ጥላሸቱ ያስፈለገው ለዚያ ነው። አባቴ ይህን ሁሉ በፊዚክስ ቋንቋ አይናገረውም እንጂ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ጓሳ ሳር በጥሶ እየለቀቀ ነፋሱን ሲያይ፣ እኔ ድንጋይ ተደግፌ የማየው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ያቺን ድቡልቡል ብቻ ነው።

ወንድ ነበር። ቀንዱ ጀርባው ላይ የሚደርስ። ከታችኛው እርከን ላይ ቆሞ ይበላል፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አባቴ በደረቱ ተሳበ። ተሳበ፣ ቆመ፣ ተሳበ። እንዴት እንደሚሳብ ልነግራችሁ አልችልም፤ ደበሎ ለብሶ ድንጋዩ መሐል ሲገባ እኔ ራሴ ጠፋብኝ። ከዚያ ሰደፏን ትከሻው ላይ አደረገ፣ እጁ ወደ እጀታዋ ሄደ፣ ጥይት ለማጉረስ ሳብ አደረጋት።

ብልጭ!

እኔ ከኋላው ሆኜ አየኋት። የምታሳፍር ትንሽ ነገር ናት። ዋልያው ራሱን ቀና አደረገ። አልሮጠም መጀመሪያ፤ ወደ ላይ አየ፣ ወደ እኛ። አባቴ እጀታዋን ሲመልሳት ደግማ ብልጭ አለች። በአፍንጫው ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማና ገደሉን ወረደው። ወረደው ስል፣ እኛ ብንሆን የምንሞትበትን ቦታ እንደ ደረጃ ነው የወረደው። ሌሎች ሦስት ያላየናቸውም ተከትለውት ሄዱ።

ጠፍጣፋ ነገር ቢሆን እንኳ ላይታይ ይችል ነበር። ጠፍጣፋ ወለል ፀሐይን የሚመልሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። 100 ሜትር ርቀት ላይ ብርሃኑ 1 ሜትር ገደማ ስፋት ይኖረዋል፤ ያ ክብ ካልነካህ አታየውም። ድቡልቡል ግን ሌላ ነው። የትም ብትቆም፣ ፀሐይን ወደ ዓይንህ የሚመልስ አንድ ነጥብ ላዩ ላይ አይጠፋም። ስትንቀሳቀስ ደግሞ ነጥቧ ትንቀሳቀሳለች፤ የእንደዚህ ዓይነት እንስሳ ዓይን ደግሞ ከምንም በላይ እንቅስቃሴን ነው የሚይዘው። ከመላዋ ምንሽር መርጬ የጠረግኋት እንግዲህ እሷን ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ፊዚክስ አልተማርኩም። እጄ እንዴት እንዳወቀ እንጃ!

አባቴ አልተሳደበም። ምንሽሯን ጭኑ ላይ አጋደመና ድቡልቡሏን አያት። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ከአገልግሉ ቂጣ አውጥቶ ቆረሰና ዘረጋልኝ። ስቀበለው እጄን ሲያይ አየሁት። «በል ብላ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ብቻ አለ።

በሦስተኛው ሳምንት በጌን ሸጣት። የክርስትና አባቴ የሰጠኝ፣ በስሜ የምትጠራ በግ ነበረች፤ ለሰባተኛ ክፍል ደባርቅ ስወርድ የቤት ኪራዬ ትሆናለች ተብላ የምትጠበቅ። በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ዘግይቼ ነው ደባርቅ የገባሁት። እናቴ አለቀሰች፣ እኔ አላለቀስኩም። መጠየቅም አልቻልኩም፤ ብጠይቀው ሌላ ጥያቄ ሊመጣ ነው።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፣ ጠባቂዎች ተመለሱ፣ ቱሪስት መምጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ አስገባው፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው ገና በ2017 ነው። በዚህ መሐል አባቴ ምን ሆነ መሰላችሁ? ስካውት! ከፈረንጆች ጋር ጠመንጃ ይዞ የሚሄድ። የዋልያን መንገድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ከየት ይመጣል? ባናውን ፈትቶ ለእናቴ ሰጣት፣ ምንሽሯን በዓመቱ ሁሉ እንደ ጥምቀት ይወለውላት ጀመር። እንግዳ ፎቶ ሲያነሳው ደስ ይለዋል።

በ1996 ዓ.ም. የሳይንስ ክበብ ልጆችን ይዤ ጨነቅ ወጣሁ። አንዳንዶቻችሁ ነበራችሁ። ጥቁር ካፖርት ለብሶ «ገደሉ አጠገብ አትሳቁ!» እያለ የሚቆጣችሁን ሽማግሌ የምታስታውሱ፣ አባቴ ነበር። እናንተ ጭላዳዎቹን ልታዩ ስትበተኑ እኔና እሱ አፋፉ ላይ ተቀመጥን። ከሠላሳ እርምጃ ባነሰ ቦታ አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ ይግጣል። ምንሽሯ በአባቴ ጭን ላይ እንደ መስታወት ታበራለች። ዋልያው ቀና ብሎ አያት፣ ጉዳዩም አላደረገው፣ መጋጡን ቀጠለ።

«ያቺን ድቡልቡል» አለ አባቴ ድንገት፣ ዓይኑን ከዋልያው ሳያነሳ። «በጣትህ ነው ወይስ በጨርቅ?»

አሥራ ስድስት ዓመት አልፎታል። የትኛዋን ድቡልቡል አላልኩትም።

«በአውራ ጣቴ» አልኩት። «ምራቅ አስነክቼ።»

«ብያለሁ። ጣትህ ጠቁሮ ነበር።»

ዝም አልን። ከዚያ ደፈርኩ። «በጌን ለዚያ ነው የሸጥካት?»

«ግብር ነበረብኝ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ስድስት በጎች ነበሩን» ብሎ ጀመረ። ይኼኔ ከእናንተ አንዱ እየሮጠ መጥቶ «ቲቸር! ቀይ ቀበሮ!» አለ። ተነሣን። ቀይ ቀበሮውም አልነበረም፤ የገበሬ ውሻ ነው። አባቴም ያንን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ አልቀጠለውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። የመጣው ልጅ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ያ በመስታወት የሚያስቸግረኝ፣ የአሁኑ የኮሎራዶ አዳኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ያለብህ ዕዳ ቀላል አይደለም፤ መልስህን ግን በደንብ ልስጥህ።

የነገርኩህን ብርጭቆ ወረቀት ውኃ አስነክተህ፣ በቀስታ፣ ቫርኒሹ ነጣ እስኪል ብቻ እሸው። ደጋን ስትስበው ከአንተ ራቅ ያለው ፊቱ ይለጠጣል፣ ወደ አንተ ያለው ይጨመቃል። በሚለጠጠው በኩል የእንጨቱን ጭረት ከቆረጥክ አንድ ቀን እጅህ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ መስተዋትነቱን ግደል እንጂ እንጨቱ ድረስ አትውረድ። ከዚያ የማያበራ ቫርኒሽ አለ፣ እሱን በስሱ ቀባው፤ የተፋቀ ቫርኒሽ ራቁቱን ከቀረ እርጥበት ያስገባል። አጥሚትና ጥላሸቱን አልመክርህም፤ እንጨት ላይ ዝናብ ሲመጣ ልብስህን ያጠቁረዋል እንጂ ሌላ ፋይዳ የለውም። የሱፍ ቅዳጅ ግን ጠምጥምበት፣ እኩል እኩል አታድርገው። አውታሩ የሚነካውንና ቀስቱ የሚያልፍበትን ቦታ ብቻ ነፃ ተወው።

ደጋኑን ብቻ አትይ። የቀስቱ ላባ ነጭ ከሆነ ቀይረው። ሰዓትህን ፍታ። መነጽርህንና ላብ የያዘ ግንባርህን አስብ። ልብስህን በሚያነጣ የዱቄት ሳሙና አትጠብ፤ አጋዘን ቀይን እንደ እኛ አያይም፣ ለሰማያዊ ግን ዓይኑ ስል ነው፣ ማንጪያው ደግሞ የማይታየንን ብርሃን ወደ ሰማያዊ እየለወጠ ይረጨዋል። ከሁሉም በላይ፣ አባቴ መቶ ሃምሳ እርምጃ ሲበቃው አንተ የምትፈልገው ሃያ ነው። ሃያ እርምጃ ላይ ጥላሸትም አያድንህም፤ ደጋኑን ማንሳት ያለብህ ራሱን ዛፍ ሲከልለው ነው።

ስትጨርስ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሚስትህን ሃምሳ እርምጃ አርቀህ አቁማትና ደጋኑን እያገላበጥክ «ጠራሽ?» በላት። ሁለቴ ሳይጠራት ከቀረ ደህና ነው። ትልቁ ልጅህ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል ብለኸኛል። በሥራው ካገዘህ፣ ማታ ተኝቶ ሳለ ተነሥተህ አንዴ ደግመህ እየው።